ከሐዘን ቤት የገዛሁት ስፒከር

እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ጃኬቱን ለብሶ የሚወጣ ሰው እንደሆንኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጓደኞቼ ተሰብስበው መንገድ ዳር ስለምትቆመው ነጭ ለባሽ ሴት ሲያወሩ «ስልኳን አልተቀበላችሁም?» እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነኝ፣ ጣራው ሲንኳኳ ድመት ነው ብዬ ዞር ብዬ የምተኛም እኔው ነኝ። ሥራዬ ድምፅ ነው፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፣ ድምፅ ደግሞ ምንጭ አለው፣ ገመድ አለው፣ መብራት ይፈልጋል፣ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዝም ነው፣ በቃ። ዛሬም ቢሆን ብትጠይቁኝ እንደዚያው ነው የምላችሁ፣ ችግሩ ጉለሌ ውስጥ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አለመቻሌ ነው።

ነገሩ የጀመረው በዳዊት ግራ እጅ ነው። ዳዊት በባንዳችን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ግን የቤዙን ሥራ በግራ እጁ መሸፈን ይችላል፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ባንድ ነው ቤዝ ተጫዋቹን አሰናብቶ በኪቦርድ ተጫዋች ግራ እጅ የሚያድር። የባንዱ መሪ መኮንን ጥር ሊገባ ሲል፣ ያው የሰርጉ ወር ሲቃረብ ማለቴ ነው፣ ከልምምድ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝና «ስማ፣ አንተን ማንም አይሰማህም» አለኝ። አልዋሸም። የኔዋ ስፒከር ትንሽ ነች፣ ድምፅ ሲጨመርባት ትንተባተባለች። «ለመጀመሪያው ሰርግ ደህና ስፒከር ካላመጣህ ቤዙን ዳዊት ይይዘዋል፣ እንዳትቀየመኝ» አለኝ። በሰው ግራ እጅ መተካት ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል፣ ያን ሰሞን እህል አልወርድልህ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። የቤዝ ስፒከር ማለት ከፊቱ ትልልቅ ክብ ወረቀቶች የተገጠሙለት የእንጨት ሣጥን ነው፣ ወረቀቱ ሲርገበገብ ድምፅ ይወጣል። የራሱ ጉልበት ግን የለውም። ጊታሩ ከአምፕሊፋየር ይገናኛል፣ አምፕሊፋየሩ ከመብራት፣ ከዚያ በገመድ ወደ ሣጥኑ ይመጣል። ብቻውን የተቀመጠ ስፒከር ከቁምሣጥን አይለይም።

በዚያው ጭንቀት መሃል ሰብለ ደወለችልኝ። ሰብለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነች፣ አባቷ ጋሽ አስፋው በወጣትነታቸው በሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ይመቱ ነበር፣ እኔም ልጅ ሆኜ በመስኮታቸው በኩል ሰምቻቸው ነው በዚህ ነገር የተለከፍኩት። ማረፋቸውን እንኳ የሰማሁት ያኔ ከራሷ ነው።

«የአባዬ ስፒከር ሳሎን ውስጥ አለ፣ ከፈለግከው ከአርባው በፊት ውሰደው» አለችኝ።

«ምን አስቸኮላችሁ?»

«እማዬን ካላየሃት አይገባህም። ናና እያት።»

ቤቴ ጳውሎስ አካባቢ ነው፣ የእነሱ ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው ዳገት ላይ። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ፣ ለቅሶም ልደርስ ዕቃውንም ላይ፣ ይግረማችሁና ስፒከሩን ልሞክርበት ብዬ ጊታሬን በጀርባዬ፣ ትንሿን አምፕሊፋየሬን በእጄ አንጠልጥዬ። ሰብለ በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች። «አንተ ጤነኛ ነህ? በል እዚያ አጥር ሥር ደብቀው» አለችኝ። ያኔ ነው ሐዘን ቤት ጊታር ይዤ መሄዴ የታወቀኝ፣ እውነት እላችኋለሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለብሷል፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አንገቴን ደፍቼ ዓይኔ ግን ስፒከር ይፈልጋል፣ ሲያሳፍር። የትም አጣሁት። በኋላ ሳየው ለካ የሰብለ እናት እማማ ዘነበች በጀርባቸው ከልለውታል፣ ጥግ ላይ ዱካ አስጠግተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሣጥኑን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከላዩ ዳንቴል ለብሶ የጋሽ አስፋው ፎቶና አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጦበታል።

ሰብለ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ራቷም እዚያው፣ እንቅልፏም እዚያው ነው» አለችኝ። «ሲመሽ ይጫወታል ትላለች። ያዘነ ሰው ብዙ ይላል፣ እሱስ ባልከፋ፣ ወገቧ አለቀ እንጂ። ዕቃው ቢሄድ አልጋዋ ላይ ትተኛለች።»

«እሳቸው ተስማምተዋል?»

«አንተ መሆንህን ስነግራት እሺ አለች።»

ተመልሰን ስንገባ እማማ ዘነበች ሳይነገራቸው ተነስተው ቦታውን ለቀቁልኝ። «እየው ልጄ» አሉኝ፣ «ግን እንዳታስጮኸው። አርባው ሳይወጣ በዚህ ቤት ሙዚቃ አይሰማም፣ ሰው ምን ይለኛል።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል። ግን አስቡት፣ እኔ የመጣሁት ድምፅ ልገዛ ነው፣ ድምፁን ደግሞ መስማት አልችልም። የድሮ ስፒከር ከውጭ አምሮ ከውስጥ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ያለችኝን ጥሪት አውጥቼ የተቃጠለ ሣጥን ይዤ ብሄድ መኮንን ሌላ ዕድል አይሰጠኝም። ሣጥኑን ከግድግዳው ገፋ አድርጌ ከኋላው ገባሁ። ሸረሪት አድርቶበታል፣ አጭር ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም። በፊት በኩል ወረቀቱን በመዳፌ ቀስ አድርጌ ገፋሁት፣ ሳይፋቅ ለስለስ ብሎ ሄዶ ተመለሰ። ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን አይበቃም። ልግዛው ይቅርብኝ እያልኩ ስገፋው ስተወው ፀሐይዋ ጠለቀች፣ መብራትም ሄደ።

የሰፈሩ መብራት በሙሉ ነው የሄደው። ጎረቤቶቹ ወደየቤታቸው ተነሱ፣ ሰብለ ሻማ ልታመጣ ወጣች፣ ሳሎኑ ውስጥ እኔና እማማ ዘነበች ብቻ ቀረን፣ እሳቸው በሩ አጠገብ ቆመው ወደ ግቢው ያያሉ። ያኔ አንድ የድሮ ቴክኒሻኖች ብልሃት ትዝ አለኝ። ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ወስዳችሁ የስፒከሩን ገመድ ጫፎች ለቅጽበት ስታስነኩት፣ ደህና ከሆነ አንዴ «ዱብ» ይላል፣ ከተቃጠለ ዝም ይላል። ድንጋይ ደግሞ ለጊታሬ መቃኛ ስለምይዝ ኪሴ ውስጥ አለ። አንድ ዱብ ሙዚቃ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ እማማን ግን አላስፈቀድኩም።

አስነካሁት። ዱብ።

ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ሆድ ድረስ ይገባል። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ድንጋዩን ወደ ኪሴ መለስኩና ገዛሁት ልል አፌን ስከፍት፣ ዱብ አለ።

ገመዱ ነክቶ ይሆናል ብዬ አየሁት። ጉልበቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጫፎቹ ተለያይተዋል፣ ምንም አልነካም። ዱብ። ወፍጮ ቤት ነው አልኩ፣ ወፍጮ ቤት ያለ መብራት አይሠራም። ከባድ መኪና ዳገቱን እየወጣ ነው አልኩ፣ መኪና ግን ምት አይጠብቅም፣ ይሄ ይጠብቃል። ከላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው በየምቱ ይንቀጠቀጣል፣ በመስኮት በምትገባው ብርሃን ይታየኛል። እጄን ሰድጄ ወረቀቱን ነካሁት፣ እመኑኝ፣ ወረቀቱ መዳፌን ከውስጥ ገፋው።

ከዚያ አንዱ ድምፅ ሌላውን እያስከተለ መውረድ ጀመረ። በትዝታ ቅኝት፣ ቀስ ያለ፣ አንድ ሰው ምንም ሳይቸኩል ለራሱ የሚመታው ዓይነት። ወረደ፣ ወረደ፣ የመጨረሻዋ ማረፊያ ድምፅ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ፣ እዚያችው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ጣቴ ሳላዝዘው ያቺን የጎደለችውን ድምፅ አየር ላይ ሊመታ ተንቀሳቀሰ።

«ነካኸው?» አሉኝ እማማ ዘነበች። አልተቆጡም፣ አልደነገጡምም።

«አንዴ ብቻ ነው እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዱካቸውን አስጠጉና ጀርባቸውን ለሣጥኑ ሰጥተው ተቀመጡ። «ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ይጫወት ነበር፣ ቀስ አድርጎ» አሉኝ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እኔ ምስሬን እየለቀምኩ እደገፈዋለሁ። ይሄ ነገር በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ በጀርባ ነው። የመጨረሻዋን ግን አይመታትም። እኔ ራት ቀርቧል ስለው ነው የሚመታት፣ ከዚያ ጊታሩን ሰቅሎ ይነሳል። አንድም ቀን አዛብቶ አያውቅም።»

«አሁንስ ለምን ራት ቀርቧል አይሉትም?» ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ከዚያማ ይነሳል» አሉኝ።

ሰብለ ሻማዋን ይዛ ስትገባ ሣጥኑ ጸጥ አለ። «ምነው ሁለታችሁም?» አለች። መሮጥ አማረኝ፣ አልክድም። ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፣ እሱን ብደብቃችሁ ውሸታም ነኝ፣ ያ ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው ድምፅ ነበር፣ ትቼው ብወጣ ደግሞ በዳዊት ግራ እጅ ተተክቼ ነው የምቀረው።

«ትወስደዋለህ?» አሉኝ እማማ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ሣጥኑን ውሰደው» አሉኝና ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ «ጥጉን ግን ተዉልኝ። ሌላ ዕቃ እንዳታስቀምጡበት።»

እወስደዋለሁ አልኩ፣ ያለችኝንም ጥሪት ለሰብለ ቆጥሬ ሰጠኋት። ሰብለ የጎረቤት ፒክአፕ ጠራችልኝ፣ ከሹፌሩ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን አወጣነው። መቼም ነገር ሲበላሽ አንድ ላይ ነው፣ ከሐዘን ቤት ምሽት ላይ ጥቁር ሣጥን በሁለት ሰው ተይዞ ሲወጣ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ፀጥ አሉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ደግሞ ማን አረፈ?» አሉኝ። «ስፒከር ነው አባባ» አልኳቸው። ሰምተውኛል፣ ባርኔጣቸውን ግን መልሰው አላደረጉም።

ልምምድ ላይ አምፕሊፋየሬን አገናኝቼ ገና አንድ ክር ስነካ መኮንን ዞር አለ። ዳዊት ግራ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚህ በላይ ምስጋና አልፈልግም። የመጀመሪያው ሰርግ ላይም ሰማይ ነካሁ፣ ሰዉ በሙሉ በኔ ምት ትከሻውን ይሰብቃል። አንዲት ስህተት ብቻ ሠራሁ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ዓይኔ የሙሽሪትን ቀሚስ ሲከተል ጣቴ አንድ ክር ሳተ። ቶሎ አስተካከልኩት፣ መኮንን እንኳ አልነቃብኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለማን ይነገራል።

በማግስቱ ሰብለ ደወለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትስቅ» አለችኝ። «እማዬ አሁንም ከጥጉ አልተነሳችም፣ አሁን ግድግዳውን ነው የምትደገፈው። ትናንት ሲመሽ ‹ከግድግዳው ሰርግ ይሰማኛል፣ ሐዘኔ ሳይወጣ ሰርግ አመጡብኝ› ብላ ስታለቅስ አመሸች። በሰፈራችን ደግሞ ሰርግ አልነበረም።»

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ምን የማትለው አለ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ልጁ ተሳሳተ አለች።»

የትኛው ልጅ ብዬ አልጠየቅኩም። «ሐዘን ነው ሰብልዬ፣ ቀስ እያለ ይለቃቸዋል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፣ ከዘጋሁም በኋላ እጄ ስልኩን አልለቀቀም።

ሣጥኑን ልመልስላቸው አሰብኩ፣ ያለ እሱ ደግሞ ሥራ የለኝም፣ መኮንን የጥርን ሰርጎች ሁሉ ተቀብሏል። እናም ማድረግ ያልነበረብኝን አደረግኩ። እነ ሰብለ አርባቸውን አውጥተው እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ በነበረው ምሽት ቤቴ ውስጥ ገመዱን ነቀልኩ፣ አምፕሊፋየሩን ሌላ ክፍል ወሰድኩ፣ እንደ እማማ ዘነበች ዱካ አስጠግቼ ጀርባዬን ለሣጥኑ ሰጠሁ። የሰፈሬ ታክሲዎች ይጮሃሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ከጀርባዬ የአንዲት ሴት ሳል ሰማሁ።

አልዞርኩም። ብርጭቆ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሰብለ ድምፅ፣ ሩቅ ሆኖ፣ «እማዬ፣ ግድግዳው ይበርድሻል፣ ተነሺ» ሲል። ከዚያ ያ የማውቀው ነገር በጀርባዬ መውረድ ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ አጥንቴን እየነካ። መጨረሻዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ያኔ እማማ ዘነበች፣ ልክ አፋቸውን ከጆሮዬ ያስጠጉ ያህል፣ «ራት ቀርቧል» አሉ።

ምንም አልተመታም። ሣጥኑ ዝም አለ፣ እሳቸውም ዝም አሉ፣ ሁለቱም እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ፣ የሚጠብቁትም እኔን እንደሆነ ገባኝ። ጊታሬ መቼ ጭኔ ላይ እንደመጣ አላውቅም፣ ዱካው ላይ ስቀመጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጣቴ ክሩ ላይ ነው፣ ትክክለኛዋ ቦታ ላይ። ያቺን ድምፅ ብመታት የሚነሳው ማን ነው? እሳቸው ከጥጉ? ወይስ ጋሽ አስፋው? ወይስ ሁለቱም አብረው? ፈራሁ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከክሩ ላይ በሌላው እጄ አነሳኋቸው።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ቤቴ አልቀመጥም። ጳውሎስ ሰው በሰው ነው፣ በፋርማሲዎቹና በካፌዎቹ መሃል እስኪጨልም እዞራለሁ። ሰብለ ስትደውል እማዬ ደህና ናት ትለኛለች፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ከጥጉ ግን አልተነሳችም፣ ምን እየጠበቀች እንደሆነ እንጃ ትለኛለች። እኔም እንጃ እላታለሁ።

ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ስፒከሩንም በየሰርጉ ይዤው እሄዳለሁ፣ ሰው ድምፁን ያደንቃል። አንድ ነገር ብቻ ነው የተለወጠው። ዘፈን ሲያልቅ ቤዙ ማረፊያዋ ድምፅ ላይ መዝጋት አለበት፣ እኔ እዚያ ስደርስ እጄን አነሳለሁ። መኮንን መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ በኋላ ምክንያቱን ልነግረው እንደማልችል ሲያይ ተወኝ። አሁን እኔ እጄን ሳነሳ ዳዊት ወደኔ ሳያይ የመጨረሻዋን ድምፅ በግራ እጁ ይመታልኛል።